የጋሼ ኪሎ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ4

ይህ ደብተር የማበስልበትን የጋራዡን ምግብ ቤት የሳምንት ዝርዝር እንድጽፍበት የተሰጠኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጋሼ ነው። አለቆቼ ሌላ ይስጡኝ።

ዛሬ የሾፌሮች የጤና ምርመራ ነበር። ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ በአውቶቡስ ጋራዡ ክሊኒክ በር ላይ ተሰልፎ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ወጣ። ወንድሜ፣ ጋሼ፣ አንድ መቶ ሦስት ኪሎ! የጋራዡ ጎሚስታ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ለአንተ እኮ ሚዛን ሳይሆን ክሪክ ነው የሚያስፈልግህ» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ጋሼም አብሮ ሳቀ። ማታ ግን ራቱን ነካክቶ ተወው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ሕፃን የተኛበት ቤት ያለች ይመስል ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ሻይ ላደርስ ገብቼ ሰማኋት። «ግፊትዎ ከፍ ብሏል። ክብደቱም አይሆንም። በጋው ሲያልቅ እንደገና ይመረመራሉ፤ ያኔ ዘጠና ካልገቡ መሪ አያስይዙዎትም። እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው» አለችው። ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀችው። «የለም» አለ ጋሼ፣ ቶሎ ብሎ። የደም ምርመራ ወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ይዟል። አንድ ውሻ እንኳን ገጭቶ አያውቅም። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ትምህርቱን ትቶ መጀመሪያ መኪና አጣቢ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ ሾፌር ሆኖ አሳደገኝ። ሚስት ሳያገባ ቀረ፤ ለምን ብለው ሲጠይቁት «ሚጣ ትቆጣኛለች» ይላል። ሚጣ እኔ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። መሪውን ከወሰዱበት ምን እንደሚቀረው አላውቅም።

እወስዳለሁ ያለ ይሞክረኝ። ዘጠና አስገባዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 5

በደም ምርመራው ወረቀት ላይ ተማከርን። ምክር እንኳን አይባልም፣ ሁለታችንም አንድ ሐሳብ ነበርን። እሱ መርፌ ይፈራል። እኔ ደግሞ የዚህን ድርጅት ፋይል አውቃለሁ፤ አንዴ የገባ ወረቀት አይወጣም። ያንን ረጅሙን ሾፌር ከመሪ ያስወረደው ከስድስት ዓመት በፊት ጆሮውን ሲታከም የተጻፈች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። «አሁን በዚህ ውፍረትህ ሰጥተህ መጥፎ ቢወጣስ? መጀመሪያ ክሳ። ከዚያ ንጹሕ ደም ይዘን እንሄዳለን» አልኩት።

«እውነትሽን ነው» አለ። በዚህ ፍጥነት ከእኔ ጋር ተስማምቶ አያውቅም።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር አስቀመጥኩት። ክብደቱ ከወረደ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወርዳል።

ሐሙስ፣ 7

ጧት ከጋሼ ጋር የሰፈሩን ሜዳ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ተቀመጠ። ቁርስ፦ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ግማሽ ዳቦ። ቸኩያለሁ፣ ድስት ጥጄ ነው የምጽፈው።

እሁድ፣ 10

ቤቱን አጸዳሁ። ወለሉን ማለቴ አይደለም። ብስኩቱን፣ ለስላሳውን፣ የስኳር ቆርቆሮውን ጠርጌ ለጎረቤት ሰጠሁ። ስኳር የሚባል ነገር ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይገባም፤ ጣፋጭ ካማረው ማር አለ፣ ማር መድኃኒት ነው። ከምግብ ቤቱ የተጣለውን አሮጌ መጭመቂያ ለምኜ አመጣሁ። ጧት ብርቱካን አንድ ጆግ፣ ቀን ሐብሐብ፣ ማታ ማንጎ ከካሮት ጋር። ከዛፍ የወረደ ነገር ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ጋሼ የመጀመሪያውን ጆግ ሳይተነፍስ ጨለጠና አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ «ሚጣ፣ ጤና እንዲህ ይጣፍጥ ነበር እንዴ? ይኸን ሁሉ ዘመን ምነው ደበቅሽኝ?» አለኝ።

ቅዳሜ፣ 16

መቶ። ሦስት ኪሎ ሄደ!

የስፖርት ጫማ ገዛሁለት፣ ነጭ፣ ሶሉ አረንጓዴ። ትንሽ ያዝ ያደርገዋል፤ ይለቃል። ጓሮ ወጥተን ቁጭ ብድግ አሠራሁት። የበሩን እጀታ ይዞ ይወርዳል፣ መነሻው ግን ይጠፋዋል። በአሥረኛው እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን እስኪያመን ሳቅን። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ዓመቴ ነው?

ረቡዕ፣ 20

በምግብ ቤቱም ጥብሱን ቀንሼ አትክልት አበዛሁ። ረብሻ ተነሣ። አንዱ ሾፌር ሳህኑን ገፋ አድርጎ «እትዬ፣ እኛ የምንነዳ ነን እንጂ የምንጋጥ አይደለንም» አለ። «ብላ፣ ነገ ሚዛን ላይ ስትወጣ ታመሰግነኛለህ» አልኩት። ጋሼ ጥግ ላይ ሆኖ ጎመኑን እያላመጠ ጠቀሰኝ።

ማክሰኞ፣ 26

ዘጠና ሰባት ተኩል። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወርዶ ጨበጠኝ። በዚህ ቤት አሥራ አራት ዓመት ስሠራ እጄን ሲጨብጠኝ የመጀመሪያው ነው። እጄ ደግሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

ሐሙስ፣ 28

ሙቀቱ አናት ይበሳል። የአውቶቡሶቹ ጣሪያ እንቁላል ይጠብሳል ይላሉ። ጋሼ ውኃ አልጠግብ አለ። ለሥራ ሁለት ሊትር ጭማቂ በፕላስቲክ አስይዤው ነበር፤ በሦስት ሰዓት ባዶውን ላከልኝ። እንደገና ሞልቼ ሰደድኩለት። ሰውነቱ መርዙን እያጠበ ነው።

ሰኞ፣ ሁለተኛው ወር በገባ በ2

ዘጠና አምስት።

ትኬት ቆራጯ፣ ያቺ ከጋሼ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ የምትሠራው፣ ሰሐን ስትመልስ ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማኋት፦ «በየዳርቻው ያቆምና ሽንት ቤት ይሮጣል። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀምሯል።» ዞር ብዬ «ብዙ የጠጣ ሰው ብዙ ይሸናል፣ ምን ይገርማል?» አልኳት። ደነገጠች። ጥሩ ነው፣ ትደንግጥ።

ሐሙስ፣ 5

ሌሊት አምስት ጊዜ ተነሣ። በሩ በተንቋቋ ቁጥር እኔም እነቃለሁ። እናታችንም እንዲህ ውኃ ወዳድ ነበረች ይላሉ። እኔ የማስታውሰው አልጋዋ አጠገብ የነበረውን የቆርቆሮ ጣሳና «ሙይልኝ» ስትለኝ ብቻ ነው። በዘራችን ያለ ነገር መሆን አለበት።

እሁድ፣ 8

ሽንት ቤት ውስጥ ጉንዳን አየሁ። ቀጭን መስመር ሠርተው ከግድግዳው ሥር ተነሥተው መቀመጫው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በበጋ የማይወጣ ነገር የለም። የጉንዳን መርዝ ረጨሁ።

ረቡዕ፣ 11

ዘጠና ሁለት። ምግብ ቤቱ ውስጥ አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ ቆመው አጨበጨቡ! አሁን ሾፌሮቹ ሁሉ «የጋሼን ጭማቂ» እያሉ ነው የሚያዙኝ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ጥግ ሰጥቶኝ «የጤና ጥግ» የሚል ጽሑፍ አሰቀለ። የጋሼን ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ለጥፈዋል፣ የመጀመሪያውን ቀንና የዛሬውን። ከላይ «ይቻላል!» ይላል።

ጎሚስታው ፎቶውን ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ለራሱ ይሁን ለእኔ እንጃ «ሰው ሲከሳ ሆዱ ነው የሚሄደው። የሱ ግን ፊቱ ነው የሄደው» አለ። ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ትቼዋለሁ። እሱ ራሱ ሆዱን በቀበቶ አስሮ ነው የሚውለው።

ቅዳሜ፣ 14

ዛሬ ሜዳውን አንድ ዙር ብቻ። ጋሼ እግሬ ደነዘዘ አለ። ጫማውን ላውልቅልህ ስለው አይሆንም አለ። ደክሞታል፤ ብዙ ኪሎ የጣለ ሰው መድከሙ አይቀርም። የማታውን ጭማቂ ላይ ማር ጨመርኩለት፣ ጉልበት እንዲሆነው።

ማክሰኞ፣ 17

ጉንዳኖቹ ተመለሱ። መርዝ ረጨሁ። ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ ለምን ሁለቴ እንደሆነ አላውቅም፤ የመርዙ ሽታ አልወጣ ብሎኝ ይሆናል።

ዓርብ፣ 20

ዘጠና! ዘጠና! በጋው ሳያልቅ አንድ ወር ሲቀረው! ማታ ጋሼን አቅፌ ጓሮውን አዞርኩት። አጥንቱ እጄ ላይ ተሰማኝ። «በቃ፣ አሁን ደሙን መስጠት እንችላለን» አልኩት። «ትንሽ እንቆይ፤ ሰማንያ አምስት ገብቼ ሐኪሟን ላስደንግጣት» አለ። እኔም ደስ አለኝ። የቸኮለ የለም።

ቆይ፣ እውነቱን ልጻፍ፤ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ደስ ያለኝ ሰማንያ አምስት ስለሚገባ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን ከማንኪያዎቹ ሥር ማውጣት ስላልፈለግሁ ነው። ለምን እንዳልፈለግሁ ግን አልጠየቅሁም፣ እራሴንም።

ማክሰኞ፣ 24

ቸኩያለሁ። ሰማንያ ስምንት። ጋሼ ማሰሪያው ጠብቆብኛል ብሎ ጫማውን እንዳደረገ ተኛ። ሰው ጫማ አድርጎ ይተኛል?

ሐሙስ፣ 26

ትኬት ቆራጯ ወጥ ቤት ድረስ መጣች። እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ጋሼ ትናንት ፌርማታ ዘለለ። ሰው ሲጮህበት ‹አላየሁትም› አለ። ዛሬ ደግሞ የታፔላውን ቁጥር እኔን ነው ያስነበበኝ። ሐኪሟ ጋ ቢወስዱትስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ማን በሽታ አለበት አለሽ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ድንች የሚልጡት ሁሉ ቀና አሉ። «ሰው ሲሻሻል ማየት የሚያማችሁ እናንተ ናችሁ የታመማችሁት!»

አላለቀሰችም። «እኔ አባቴን እንደዚህ ነው ያጣሁት» ብላ ሄደች። ማታ ይህን ስጽፍ ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ዓይኑ የዕድሜ ነው፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ መነጽር ያላደረገ ማን አለ? ካሮቱን እጨምራለሁ፣ ለዓይን ጥሩ ነው።

ዓርብ፣ 27

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ፈረቃዋ አልነበረም። ነበር እንጂ፤ እኔ ነኝ በጓሮ በር የወጣሁት።

ሰኞ፣ 30

ሰማንያ አምስት። ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጭማቂውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠጣል፤ ሱሪው በገመድ ነው የታሰረው። አንድ አዲስ ተቀጣሪ ፎቶውን አይቶ «ይኼ ሰውዬ ማነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ጋሼ አጠገቡ ተቀምጦ።

ረቡዕ፣ ሦስተኛው ወር በገባ በ2

ቤቱ ይሸታል። መጀመሪያ አይጥ ሞቶ መስሎኝ አልጋውን ሁሉ ገለበጥኩ። ከነጩ ጫማ ነው። ጋሼ ተኝቶ ሳለ ቀስ ብዬ ልፈታው ስል ነቅቶ እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ ወረቀት ደርቋል። «ተይው ሚጣ፣ ቆዳዬ ተላልጦ ነው፣ ያልፋል» አለ። «ያምሃል?» «ምንም አይሰማኝም።» ደስ አለኝ፣ ካላመመው ቀላል ነው ብዬ።

ዓርብ፣ 4

ነገ ወረቀቱን አወጣለሁ። ነገ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ሰኞ። በቃ ሰኞ።

ሰኞ፣ 7

ሰኞ አልደረሰልኝም። ማለቴ ደርሷል፣ ከረፈደ።

በአራት ሰዓት ግድም ምሳ እየጠበስኩ ሳለ የስምሪት ኃላፊው ሬዲዮኑን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እሱ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ምን እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁ። ምድጃውን አጥፍቼ ሽርጤን እንደታጠቅሁ ተከተልኩት።

የሆነውን የነገረችኝ ትኬት ቆራጯ ናት። በትልቁ መንገድ መሃል ላይ፣ ፌርማታ በሌለበት፣ ጋሼ ፍሬቻ አብርቶ ቀስ ብሎ ዳር ያዘ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሁሉንም በሮች ከፈተ። ከዚያ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «ወገኖቼ፣ ውረዱ። እኔ አላይም» አለ። ሰው የቀለደ መስሎት ሳቀ። «እውነቴን ነው፣ ምንም አላይም። ማንንም ሳልጎዳ ውረዱልኝ።» ሃምሳ ሰው አንድ በአንድ ወረደ። አንዲት ሴትዮ ስትወርድ ትከሻውን ነካ አድርጋዋለች አሉ። እሱ መሪውን እንደያዘ ቀረ። ትኬት ቆራጯ እጆቹን ከመሪው ላይ ያላቀቀችው ጣት በጣት ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት። አንድ ውሻ እንኳን።

ማክሰኞ፣ 8

ሆስፒታል። መተላለፊያው ላይ፣ ወንበር የለም፣ ቆሜ ነው የምጽፈው።

የስኳር መለኪያዋ ትንሽ መሣሪያ ቁጥር አልሰጥም አለች። ሁለት ጊዜ ወጉት፣ ሁለቴም እንቢ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው አልኩ። ነርሷ «አልተበላሸም እናቴ፤ ከሚለካው በላይ ሲሆን ነው እንዲህ የሚለው» አለችኝ።

ማክሰኞ ማታ

አንድ ሽበታም ሐኪም ጋሼ ምን ሲበላና ሲጠጣ እንደከረመ ጠየቀኝ። ይህን ደብተር ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ፣ ገጽ በገጽ። አንዳንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳርፎ ይቆያል። የት የት ቦታ እንደሆነ ከቆምኩበት ሆኜ አውቀዋለሁ።

«በቀን ስንት ሊትር?» አለኝ።

«ሦስት። አንዳንድ ቀን አራት። ግን እኮ ዶክተር፣ የፍራፍሬ ነው። ስኳር ጠብ አላደረግሁበትም።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝና እንደ ተማሪ ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት በሽንት ሲያፈሰው፣ ሲራብ ደግሞ ራሱን ሲበላ ነው የከረመው። እኔ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ አቁሜ የጻፍኩት ያንን ነበር። በሽታው የቆየ ነው፣ ከዚህ በጋ በፊትም ነበረበት አለ። «የደም ምርመራ ቀደም ብሎ አልታዘዘለትም ነበር?» ሲለኝ መሬቱን አየሁ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህንን ተረት ለስንቱ የወጥ ቤት ሠራተኛ ተርቻለሁ።

ዓርብ፣ 11

በዓይኖቹ ውስጥ ደም ፈሷል። ግራው ጨልሟል። ቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ሌላ የለም። ነጩን ጫማ በመቀስ ቀደው ነው ያወጡት። ሁለት ጣቶቹ ጥቁር ናቸው። ነርሷ እንዳላይ አጠገቤ ቆመች፣ እኔ ግን አየሁ።

ትኬት ቆራጯ ውኃ ይዛ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ይተዉት እትዬ፣ አሁን ይብሉ» ብላ ዳቦ እጄ ላይ አስቀመጠች። በላሁ። በልቼ እራሴን ጠላሁት።

እሁድ፣ 13

ዛሬ ሙሉ ቀን ነቅቶ ዋለ። ድምፁ ተመልሷል። «ያንን ደብተር አንብቢልኝ» አለኝ።

«ኪሎ ብቻ ነው ያለበት» አልኩት።

«ኪሎውን አንብቢልኝ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የክሪኩ ቀልድ ጋ ሳቀ። የበሩ እጀታ ጋ እንደገና ሳቀ፣ እስኪያስለው። ጉንዳኖቹ ጋ ስደርስ ዘልዬ ልሄድ አልኩ። እሱ ዓይኑ ጠፋ እንጂ ጆሮው እንደ ድሮው ነው።

«ገጽ ዘለልሽ።»

«ተበላሽቷል ገጹ።»

«ሚጣ። አንብቢ።»

አነበብኩ። ሁለቱንም ቀን፣ ወለሉን ሁለቴ ማጠቤንም ሳይቀር። ከዚያ ጋሼ «እኔ እኮ ካንቺ በፊት ነው ያየኋቸው» አለ። «ጧት ጧት አንቺ ሳትነሺ በውኃ እለቀልቃቸው ነበር። አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይጥለኝና ትቀድሚኛለሽ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እማዬን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ጣሳውንም፣ ጉንዳኑንም አውቀዋለሁ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ።»

«ሐኪሟ ስትጠይቅህ የለም አልካት!»

«አልኳት። ያን ቀን ከመሪ ያወርዱኝ ነበራ። አንድ በጋ ልንዳ፣ በጋው ሲያልቅ እነግራታለሁ አልኩ።» እጄን ጠበቅ አደረገና «ደግሞ አንቺ ደስ ብሎሽ ነበር። እንደዚያ ሆነሽ አይቼሽ አላውቅም። ጆጉን ይዘሽ ስትመጪ ምን ልበልሽ?» አለ።

እጁን ይዤ ነበር፤ ለቀቅሁት። ልመታው ፈለግሁ፣ እውነት ነው የምጽፈው፣ የታመመ ወንድሜን በጥፊ ልመታው ፈለግሁ። እያወቀ ጠጣልኝ። ጆጉን ሁሉ፣ እየሳቀ፣ እስከ አተላው። ከዚያ ደግሞ በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? ወረቀቱን ማን ደበቀ? እሱ ለእኔ ሲል ዝም አለ፣ እኔ ለእሱ ስል ዝም አልኩ፤ ሁለት ሰው በአንድ ቤት አንድ ሽንት ቤት እየተሻማ ሲያጥብ ከረመ።

መልሼ እጁን ያዝኩት። ሌላ የምይዘው የለኝም።

ማክሰኞ፣ 15

የድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። በጤና ምክንያት ከመሪ ተነሥቷል፣ ይላል፣ ለረጅም ጊዜ ታማኝ አገልግሎቱም ያመሰግኑታል። ሳነብለት «ማኅተም አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። አለው አልኩት። «እንግዲያው እውነት ነው» አለ።

በመስኮቱ በኩል አውቶቡሶች ያልፋሉ። ሲያልፉ አንገቱን ያቀናል። አንዱ ሲያልፍ «ይኼ ሁለተኛውን ማርሽ ይገድለዋል፤ ይነገረው» አለ። ለማን እንደምነግር አላውቅም።

ሐሙስ፣ 17

ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል። ሽበታሙ ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እነሱ የሚቀመጡት ለክፉ ነገር ነው። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት፣ ነገ ጧት። ካልተቆረጠ እሱን ሁሉ ይወስደዋል።

ጋሼ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። «የትኛው ነው የሚቆረጠው?»

«ቀኙ።»

«ነዳጅ የምሰጥበት» አለ ጋሼ። ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን፣ ለእግሩ የሚናገር ይመስል ነበር። ከዚያ እንደ ተሳፋሪው ሁሉ በትሕትና «መልካም፣ ዶክተር» አለ።

የስምምነት ወረቀት አመጡ። እሱ የት እንደሚፈርም አይታየውም። ነርሷ ጣቱን ይዛ መስመሩ ላይ ልታስቀምጥለት ስትል እጁን ሰበሰበ። «ሚጣ ትፈርም» አለ። «እኔ በእሷ እጅ እስማማለሁ።»

እስክርቢቶውን ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ የበሽተኛው ስም፣ ከሥሩ ዝምድና የሚል ክፍት ቦታ። እህት ብዬ ሞላሁ። ከእሱ ቀጥሎ ክብደት ይላል፤ ነርሷ ሰባ ስድስት ብላ ሞልታዋለች። ፈረምኩ። ሐኪሙ አንሥቶ አየውና «ይቅርታ እህቴ፣ ፊርማው አይነበብም፣ ይድገሙልኝ» አለኝ።

ደግሜ ፈረምኩ።